ቱርኪስታን በቼካ ዘመን፦ ጸጥታ በፍርሃት ይጸናልን?

   

በብዙዎቻችን ቤት ከቁርኣን ቀጥሎ ከፍ ተደርጎ የሚቀመጠው ኪታብ የኢማሙል ቡኻሪ የሐዲስ ስብስብ ነው። «ቡኻሪ ዘግበውታል» የሚለውን ቃል በኹጥባ ላይ ያልሰማ ልጅ አይገኝም። ቲርሚዚም እንዲሁ። ነገር ግን እነዚህ ስሞች የዑለማ መጠሪያ ከመሆናቸው በፊት የአገር ስሞች መሆናቸውን የሚያስተውል ጥቂት ነው። ቡኻራም ቲርሚዝም ዛሬ ኡዝቤኪስታን በምትባለው አገር ያሉ ከተሞች ናቸው። የኢማሙል ቡኻሪ ቀብርም ከሰመርቀንድ ወጣ ብሎ ይገኛል።

ታዲያ እነዚህን የሐዲስ ሊቃውንት ያፈራው ያ ምድር በሃያኛው ክፍለ ዘመን ምን ደረሰበት? በተለይም የሶቪየት መንግሥት በገባባቸው በመጀመሪያዎቹ ሃያ ዓመታት ሕዝቡን ይጠብቅ የነበረው ማን ነው? የሚጠበቀውስ ከማን ነበር? የዛሬው ዝግጅታችን በዚህ ላይ ያተኩራል። የምንጠቅሳቸው ዓመታት፣ ለይተን ካልተናገርን በስተቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከአብዮቱ በፊት የነበረው ጥበቃ

የሩሲያ ዛር ሠራዊት ታሽከንትን በ1865፣ ሰመርቀንድን በ1868 ያዘ። የቆቃንድ ኻኖች መንግሥት በ1876 ፈርሶ ወደ ዛሩ ግዛት ተጠቃለለ። የቡኻራው አሚርና የኺዋው ኻን ደግሞ በዛሩ የበላይነት ሥር ሆነው ዙፋናቸውን ይዘው ቆዩ። ሩሲያ በቀጥታ የምትገዛው ክፍል «ቱርኪስታን» ሲባል መቀመጫው ታሽከንት ሆነ። ታሽከንትም ለሁለት ተከፈለች። በአንድ ወገን አዲሱ የሩሲያውያን ከተማ፣ በሌላ ወገን መስጂድና ገበያ የሞላው የሙስሊሞቹ አሮጌ ከተማ።

በአሮጌው ከተማ የዕለት ተዕለቱን ጸጥታ የሚጠብቁት የሕዝቡ የራሱ ሰዎች ነበሩ። በየሰፈሩ «አቅሳቃል»፣ ማለትም «ነጭ ጺም» የሚባል ሽማግሌ አለ። የጋብቻ፣ የውርስና የንብረት ክርክር በቃዲ ፊት ይታያል። ሌሊት ከተማውን የሚጠብቁት ዘበኞች «ቆርባሺ» ለሚባል አለቃ ይታዘዛሉ። ይህችን «ቆርባሺ» የምትል ቃል አደራ ያዙልኝ፤ እንመለስባታለን። ይህ ሥርዓት እንከን አልነበረበትም ማለታችን አይደለም። ጉቦ የሚበላ ቃዲም፣ ሹመቱን በገንዘብ የሚገዛ ሽማግሌም ነበር። ቢሆንም ሰው በደል ሲደርስበት ወዴት እንደሚሄድ፣ በምን ቋንቋ እንደሚናገር ያውቅ ነበር።

ከበላይ ያለው የዛሩ አስተዳደር ግን ሕዝቡን አያምነውም። በ1898 በአንዲጃን ከተማ አንድ የሱፊ ሸይኽ ተከታዮቻቸውን ይዘው የሩሲያን ጦር ሰፈር ካጠቁ ወዲህ ጥርጣሬው በረታ። ሸይኹና ጓደኞቻቸው ተሰቀሉ። ከዚያም የዛሩ ምሥጢራዊ ፖሊስ መድረሳውንም፣ በአዲስ ዘዴ ፊደል የሚያስተምሩ ትምህርት ቤቶችንም ይከታተል ጀመር። በ1916 ደግሞ ዛሩ ለዓለም ጦርነቱ ሲል የአካባቢው ወንዶች ከግንባር ጀርባ ለጉልበት ሥራ እንዲመለመሉ አዘዘ። ሕዝቡ ተነሣ፤ አመጹም በደም ታፈነ። እንግዲህ የቱርኪስታን ሕዝብ 1917ን የተቀበለው ቁስሉ ሳይሽር ነው። ዛሩ ሲወድቅ የተደሰተውም ለዚህ ነው።

ቆቃንድ፣ የካቲት 1918

ደስታው ግን ዕድሜ አላገኘም። በዚያው ዓመት መገባደጃ በታሽከንት የሩሲያ ወታደሮችና የባቡር ሠራተኞች ሥልጣኑን በሶቪየት ስም ያዙ። ከአገሬው ሕዝብ ከአሥሩ ዘጠኙ ሙስሊም ሆኖ ሳለ በአዲሱ መንግሥት ውስጥ አንድም ሙስሊም አልገባም። ይህ የሆነው በመርሳት አልነበረም። የሶቪየቶቹ ጉባኤ የአገሬው ተወላጆች ወደ ከፍተኛው ሥልጣን እንዳይገቡ በግልጽ ወሰነ።

የሙስሊሞቹ ተወካዮች በበኩላቸው በቆቃንድ ተሰብስበው የቱርኪስታንን ራስ ገዝነት አወጁ። ከሩሲያ ተገንጥለን እንሂድ አላሉም፤ በፌዴሬሽን ውስጥ ራሳችንን እናስተዳድር ነው ያሉት። ከምክር ቤታቸው መቀመጫ አንድ ሦስተኛውን ሙስሊም ላልሆኑ ነዋሪዎች ሰጡ። ከመሪዎቹ አንዱና ኋላም የመንግሥቱ ራስ የሆነው ሙስጠፋ ቾቃይ በፒተርስቡርግ የተማረ የሕግ ሰው ነበር። መንግሥታቸው ሐሳብ እንጂ ጦር አልነበረውም።

በየካቲት 1918 ከታሽከንት የተላከው ቀይ ዘብ ከአርመን ታጣቂዎች ጋር ሆኖ ቆቃንድን መታ። ከተማዋ በመድፍ ተደበደበች፣ ተዘረፈች፣ ተቃጠለች። ሕይወታቸውን ያጡት ሰዎች በሺዎች ይቆጠራሉ። ይህን ያደረጉት ሰዎች በዚያ ጊዜ ስማቸው «ጸጥታ አስከባሪ» እንደነበረ ልብ በሉ። አንድ ከተማ ያቃጠለ ኃይል በማግሥቱ ዞሮ «ንብረታችሁን የምጠብቅላችሁ እኔ ነኝ» ቢል ማን ያምነዋል?

በዚህ ላይ ረሃብ ተጨመረ። በዛሩ ዘመን የፈርጋና ሸለቆ መሬት ወደ ጥጥ እርሻ ዞሮ፣ እህሉ በባቡር ከሩሲያ የሚመጣ ሆኖ ነበር። የእርስ በርሱ ጦርነት የባቡሩን መንገድ ሲዘጋው እህል ጠፋ። ቀይ ወታደሮች መንደር ለመንደር እየዞሩ የቀረችውን እህል መውሰድ ያዙ። የገጠሩ ሰው የአዲሱን መንግሥት ፊት መጀመሪያ ያየው ጎተራውን ሲፈትሽ ነው።

የሚሊሻ አዛዡ ማዳሚን ቤክ

ከቆቃንድ ጥፋት በኋላ በፈርጋና ሸለቆ አመጽ ተቀጣጠለ። የሶቪየቱ መንግሥት አማጽያኑን «ባስማቺ» አላቸው፤ በኛ አነጋገር «ሽፍታ» እንደማለት ነው። አማጽያኑ ግን አዛዦቻቸውን «ቆርባሺ» ብለው ጠሩ። ቅድም አደራ ያልኋችሁ ቃል ይኸው ነው፤ ሌሊት ከተማ የሚጠብቀው የዘበኞች አለቃ መጠሪያ። መንግሥት ሽፍታ የሚለውን ሰው መንደሩ በጠባቂ ስም ይጠራው ነበር።

ከነዚህ አዛዦች አንዱ መሐመድ አሚን ቤክ፣ ባጭሩ ማዳሚን ቤክ ነው። በዛሩ ዘመን ወደ ሳይቤሪያ ተግዞ በ1917ቱ ለውጥ የተፈታ ወጣት ነበር። ወደ አገሩ ሲመለስ መጀመሪያ ያገለገለው ሶቪየቱን ነው፤ የማርጊላን ከተማ የሚሊሻ አዛዥ ሆነ። ነገር ግን የሚጠብቀው ሕዝብ በቀይ ዘቦች ሲዘረፍ የሚሊሻ አዛዥ ምን ያደርጋል? ማዳሚን ቤክ በ1918 በሥሩ የነበሩትን ታጣቂዎች አስከትሎ ወደ አማጽያኑ ገባ። በ1919 ደግሞ እህላቸው የተወረሰባቸው ሩሲያውያን ሰፋሪ ገበሬዎች ሞንስትሮቭ በሚባል መሪያቸው ሥር ሆነው ከእርሱ ጋር ተባበሩ። ትናንት በመሬት የተጣሉ ሰዎች በአንድ ግንባር ቆሙ። ጉዳዩ የሃይማኖት ጦርነት ብቻ ቢሆን ኖሮ እነዚያ ክርስቲያን ገበሬዎች ከማዳሚን ቤክ ጎን ባልተሰለፉ ነበር።

በመጋቢት 1920 ማዳሚን ቤክ ከቀዩ ሠራዊት ጋር ሰላም አውርዶ ከነሠራዊቱ ገባ። ሁለት ወር ሳይሞላው ከሌላው የአማጽያን መሪ ከሺር ሙሐመድ ቤክ ወገን ጋር ሊደራደር በሄደበት ተይዞ ተገደለ። የሚሊሻ አዛዥ፣ አማጺ፣ የቀዩ ሠራዊት አጋር፤ ሦስቱንም የሆነው በሁለት ዓመት ውስጥ ነው።

ለእውነት ስንል ይህንም እንናገር። አማጽያኑ ከበደል የጸዱ አልነበሩም። ከመንደሩ ቀለብና ፈረስ ይወስዳሉ፣ ለመንግሥት አደረ ያሉትን ይቀጣሉ፣ መሪዎቻቸውም እርስ በርስ ይጋደላሉ። ገበሬው ቀን ለቀዩ ወታደር፣ ሌሊት ለአማጺው ይገብር ነበር። የሁለቱም ጦር ስንቅ የሚወጣው ከርሱ ጎተራ ነበርና።

ቼካ ወደ ታሽከንት ሲመጣ

አሁን ወደ ምሥጢራዊው ፖሊስ እንምጣ። የቦልሼቪኮች መንግሥት ሥልጣን በያዘ በሁለተኛው ወር፣ በታኅሣሥ 20 ቀን 1917፣ ጸረ አብዮተኞችን የሚታገል ልዩ ኮሚሽን አቋቋመ። መሪው ፌሊክስ ድዘርዢንስኪ ነበር። ድርጅቱ በሩሲያኛ አጠራሩ ምሕጻር «ቼካ» ተባለ። ቼካ ያስራል፣ ይመረምራል፣ ይፈርዳል፣ ይረሽናል። አራቱ ሥልጣን በአንድ እጅ ገባ። ስሙ በ1922 ጌፔኡ፣ በ1923 ኦጌፔኡ ሆነ፤ በ1934 በኤንካቬዴ ውስጥ ተጠቃለለ። ስሙ በተለወጠ ቁጥር ሰው «ተሻሻለ» ብሎ ተስፋ ያደርግ ነበር፤ አሠራሩ ግን ተከታትሎ መጣ።

በ1920 ከቼካ ነባር መሪዎች አንዱ የሆነው ላትቪያዊው ያኮቭ ፔተርስ ወደ ታሽከንት ተላከ። ሌኒን በ1919 መጨረሻ ለቱርኪስታን ኮሚኒስቶች በጻፈው ደብዳቤ የዛሩን ዘመን የገዢነት መንፈስ እንዲነቅሉ አሳስቦ ነበር። ከሞስኮ የመጡት ሰዎችም ከአካባቢው ሩሲያውያን ሹማምንት የከፉትን ከሥልጣን አነሡ። ይህ እውነት ነው። ሆኖም የጸጥታው መሥሪያ ቤት ራሱ በአመዛኙ በውጭ ሰዎች የተያዘ፣ የሕዝቡን ቋንቋና ኑሮ የማያውቅ ሆኖ ቀጠለ።

ይህን አለማወቅ የሚያሳይ አንድ አስገራሚ ታሪክ አለ። ቤይሊ የሚባል እንግሊዛዊ መኮንን በ1918 ወደ ታሽከንት መጥቶ ቼካ ሲያሳድደው በልዩ ልዩ ስምና ልብስ ተደበቀ። በመጨረሻም የሌላ አገር ሰው መስሎ በዚያው በሶቪየቱ የስለላ ክፍል ተቀጠረ። ወደ ቡኻራ ሲላክ ከተሰጠው ሥራ አንዱ ቤይሊ የሚባለውን እንግሊዛዊ ሰላይ መፈለግ ነበር! ራሱን እንዲፈልግ ደመወዝ ተቆረጠለት። ቤይሊ በ1920 ወደ ፋርስ ተሻግሮ አመለጠ፤ ታሪኩንም በ1946 በመጽሐፍ አሳተመው። አድማጮቻችን፣ ይህ ያስቃል። ግን እውነተኛውን ሰላይ በደጁ አስገብቶ የቀጠረ መሥሪያ ቤት የመንደሩን ኢማም «ሰላይ ነህ» ብሎ ሲይዝ ፍርዱ ምን ያህል የታመነ ነው?

ቡኻራ በ1920 ወደቀች። በፍሩንዜ የሚመራው ቀይ ሠራዊት ከነሐሴ 29 ጀምሮ ለአራት ቀናት በመድፍና በአውሮፕላን ደበደባት። የአሚሩ ግንብ ተቃጠለ፣ ታዋቂው የካልያን መናራም ተመታ። አሚሩ ዓሊም ኻን ሸሽተው በኋላ አፍጋኒስታን ገቡ። በምትኩ የቡኻራ ሕዝባዊ ሪፐብሊክ ተመሠረተ፤ መንግሥቱንም የሃብታም ነጋዴ ልጅ የሆነው የሃያ አራት ዓመቱ ፈይዙላ ኾጃየቭ መራ። የአገሬው ተወላጆች መንግሥት ቢሆንም ጠመንጃው የሌላ ነበር። ከዓመት በኋላ የማዕከላዊ ሥራ አስፈጻሚው ሊቀመንበር ዑስማን ኾጃ ራሱ ዱሻንቤ ላይ በቀዮቹ ላይ ተነሣ። ከቱርክ የመጣው ኤንቨር ፓሻም ከአማጽያኑ ጋር ተቀላቅሎ ብዙ ምድር ያዘ፤ ነሐሴ 4 ቀን 1922 በባልጁዋን አቅራቢያ ተገደለ።

ጠመንጃ ያልፈታው ቋጠሮ

የተከበራችሁ አድማጮች፣ አሁን የምንነግራችሁ ነገር የዚህ ታሪክ እምብርት ነው። አራት ዓመት ሙሉ በመድፍ፣ በእስርና በርሸና ያልበረደው አመጽ በ1922 መብረድ ጀመረ። ምን ተገኘ? በዚያ ዓመት የሞስኮ መንግሥት ሐሳቡን አጠፈ። የተወረሰው የወቅፍ ንብረት ለመስጂዶችና ለመድረሳዎች እንዲመለስ ፈቀደ። ተዘግተው የነበሩት የቃዲ ፍርድ ቤቶች ተከፈቱ። ልጆች ወደ መድረሳ ተመለሱ። እጃቸውን ለሚሰጡ አማጽያን ምሕረት ታወጀ። የእህል ዘረፋው ቀርቶ በግብር ተተካ።

እርግጥ ነው፣ ሠራዊቱም ከጎን ሆኖ ይዋጋ ነበር፤ የኤንቨር ሞትም አማጽያኑን ጎድቷል። ይሁንና አማጺው ከሁሉ በላይ ያጣው የሚጠለልበትን ቤት ነው። ገበሬው መስጂዱ ተከፍቶ፣ ቃዲው በቦታው ተቀምጦ፣ ጎተራው ሳይፈተሽ ሲያድር ሌሊት በሩን ለሚያንኳኳው ታጣቂ የሚከፍትበት ምክንያት አነሰ። በ1924 የፈርጋና ሸለቆ አብዛኛው ክፍል ጸጥ አለ። ጸጥታ ምን እንደሆነ ያኔ ተገልጦ ነበር፤ ሰው መብቱን ሲያገኝ የሰፈሩ ዘበኛ ራሱ ይሆናል።

ጆሮ ጠቢው በየቤቱ

ይሁን እንጂ ያ ሁሉ ለሞስኮ የጊዜ መግዣ ነበር። በ1924 ቱርኪስታን የሚለው ስም ተነሥቶ አገሪቱ በብሔር ስም ተከፋፈለች። በ1925 በኡዝቤኪስታን በታወጀው የመሬት ለውጥ የገጠሩ የወቅፍ መሬት ተወሰደ። በ1927 የቃዲ ፍርድ ቤቶች የመንግሥት ዕውቅናቸውን አጡ። መድረሳዎች ተዘጉ፣ የመስጂዶች መዘጋትም ተከተለ። በ1920ዎቹ መጀመሪያ በየአካባቢው እንዲቋቋሙ ተፈቅዶላቸው የነበሩት የሸሪዓ ጉዳይ መሥሪያ ቤቶችም ፈረሱ።

ይህ ሁሉ ሲሆን ያን ያህል ጦር ለምን አልተነሣም? አንዱ ምክንያት ምሥጢራዊው ፖሊስ በነዚያ የሰላም ዓመታት ሥራ አለመፍታቱ ነው። ኦጌፔኡ ሕዝቡ ምን እንደሚያወራ፣ በየመስጂዱ ምን እንደሚሰበክ የሚገልጽ ምሥጢራዊ ዘገባ በየጊዜው ያጠናቅር ነበር። ለዚህም ጆሮ ጠቢ ያስፈልጋል። ከነጋዴው፣ ከአስተማሪው፣ ከዑለማውም መካከል ሰዎች ተመለመሉ፤ አንዱ በማስፈራራት፣ አንዱ በጥቅም፣ አንዱ በቂም። ዑለማዎችን «ተራማጅ» እና «አድኃሪ» ብሎ ከፋፍሎ አንዱን በሌላው ላይ ማስነሣት የታወቀ ስልቱ ነበር። በተራማጅነት የተመሰገነውም በተራው አልቀረለትም።

ሙነወር ቃሪን እንውሰድ። በታሽከንት በ1901 በአዲስ ዘዴ የሚያስተምር ትምህርት ቤት የከፈቱ፣ የመማሪያ መጻሕፍት ያዘጋጁ፣ ብዙ የአገሪቱ ጸሐፊዎችና መምህራን «ኡስታዛችን» የሚሏቸው ሰው ነበሩ። የዛሩ ፖሊስ ተከታተላቸው። ቼካ አሰራቸው፣ ፈታቸው። በ1929 ኦጌፔኡ እንደገና ያዛቸው፤ በ1931 ሞስኮ ላይ ተረሸኑ። ሕዝባቸውን ፊደል ማስቆጠራቸው አላዳናቸውም። አላህ ይዘንላቸው።

በመጋቢት 8 ቀን 1927 ደግሞ «ሁጁም» ማለትም «ጥቃት» የተባለ የሴቶችን መሸፈኛ የማስጣል ዘመቻ ተጀመረ። ሴቶች በአደባባይ ተሰልፈው መሸፈኛቸውን ወደ እሳት እንዲጥሉ ተደረገ። ከዚያስ? ብዙዎቹ ወደ ሰፈራቸው ሲመለሱ ተደበደቡ፣ ተገደሉም። በዚህ ላይ ቃላችን ግልጽ ይሁን። ሴትን አስገድዶ ማስወለቅ በደል ነው፤ ስለወለቀች መግደል ደግሞ አላህ እርም ያደረገው ነፍስ ማጥፋት ነው። ወደ አደባባይ የገፋፋት መንግሥት ማታ በሯ ላይ ጠባቂ አላቆመላትም። የሰው ሚስትና እህት የሁለት ኃይሎች ጦር ሜዳ ሆነች።

የመጨረሻው ትልቅ አማጺ ኢብራሂም ቤክ በ1931 ከአፍጋኒስታን ተመልሶ ሲገባ የጠበቀው ጦር ብቻ አልነበረም። የታጂኪስታን ገበሬዎች «ቀይ ዱላዎች» በተባሉ ቡድኖች ተደራጅተው በየመተላለፊያው ይጠብቁት ነበር። በሰኔ ወር ተያዘ፤ በ1932 ተረሸነ። ከነዚያ ባለ ዱላዎች ብዙዎቹ ጦርነት የሰለቻቸው ድሆች ናቸው፤ አንፈርድባቸውም። ግን መንደሩ ጠባቂም ተጠባቂም የሆነበት ሥርዓት እንዲህ ተሟላ።

በነዚሁ ዓመታት የዐረብኛው ፊደል በላቲን ተተካ፤ በ1940 ደግሞ በሲሪሊክ። በዐረብኛ ፊደል የተጻፈ ነገር በቤት መገኘቱ የሚያስጠረጥር ሆነ። የሒሳብ መዝገብ ይሁን የሐዲስ ኪታብ፣ ፈታሹ ለይቶ አያነበውም። ቤተሰቦች ኪታባቸውን ቀበሩ፣ ወደ ወንዝ ጣሉ፣ በግድግዳ ውስጥ ከተው በጭቃ ለሰኑ። ከአሥርተ ዓመታት በኋላ አሮጌ ቤት ሲፈርስ ከግድግዳው ውስጥ ኪታብ የወጣበት ጊዜ አለ። ያ ኪታብ ሲደበቅ ልጆቹ እንዳያዩ ይደረግ ነበር፤ ልጅ በትምህርት ቤት ሲጠየቅ ይናገራልና። አባት ከገዛ ልጁ የሚደብቀው ኪታብ! በኔ ግምት የቱርኪስታን ትልቁ ኪሳራ ይህ ነው። የተዘጋ መስጂድ ይከፈታል፤ በአባትና በልጅ መካከል የገባ ፍርሃት ግን ለመውጣት ትውልድ ይፈጃል።

ሞት በኮታ

በሐምሌ 30 ቀን 1937 የኤንካቬዴ አለቃ ኒኮላይ የዦቭ ቁጥር 00447 የተባለ ምሥጢራዊ ትእዛዝ አወጣ። በትእዛዙ ለእያንዳንዱ ሪፐብሊክና ክፍለ ሀገር ስንት ሰው እንደሚረሸንና ስንት ሰው ወደ ግዞት ካምፕ እንደሚላክ ኮታ ተመደበ። ለኡዝቤኪስታን በመጀመሪያው ዙር የተመደበው 750 ሰው ለርሸና፣ 4,000 ሰው ለካምፕ ነበር። ወንጀሉ ከመፈጸሙ በፊት የወንጀለኛው ቁጥር ተወሰነ! ኮታው ሲሞላ ደግሞ የየአካባቢው አለቆች ይጨመርልን ብለው ይጠይቁ ነበር። የሃይማኖት ሰዎች በትእዛዙ ከተዘረዘሩት ክፍሎች አንዱ ነበሩ። ጉዳያቸውን የሚያየው ሦስት ሰዎች የሚቀመጡበት ጉባኤ ነው፤ ተከሳሹ አይቀርብም፣ ጠበቃ የለም።

በጥቅምት 1938 የኡዝቤክ ሥነ ጽሑፍ አባቶች የሚባሉት ዐብዱረዑፍ ፊጥረት፣ ዐብዱልሐሚድ ቾልፓንና ዐብዱላህ ቃዲሪ ታሽከንት ላይ ተረሸኑ።

አበው «ጉድጓድ ስትምስ አታርቀው፣ ማን እንደሚገባበት አታውቀውም» ይላሉ። ፈይዙላ ኾጃየቭ፣ ያ የቡኻራን ሕዝባዊ ሪፐብሊክ የመራው፣ በመጋቢት 1938 ሞስኮ ላይ በአደባባይ ተከስሶ ተረሸነ። አብረውት ከተከሰሱት አንዱ ማን ነበር? ጌንሪህ ያጎዳ፤ የዦቭን የቀደመው የኤንካቬዴ አለቃ ራሱ። ፔተርስስ? ቼካን ወደ ታሽከንት የመራው ሰው በዚያው በ1938 በራሱ መሥሪያ ቤት እጅ ተረሸነ። የዦቭም በተራው በ1940 ተከተለ። ያለ ምስክር የሚፈርድ ፍርድ ቤት ያቋቋመ ሰው አንድ ቀን እዚያው ፊት ሲቆም የሚመሰክርለት አያገኝም።

ከሁሉ ያተረፈው ምንድን ነው? በድብቅ የተላለፈው ዕውቀት። የቆቃንዱ ተወላጅ መሐመድጃን ሒንዱስታኒ በስታሊን ዘመን ታስረውና ተግዘው ከተመለሱ በኋላ ዱሻንቤ ውስጥ በቤታቸው ጥቂት ጥቂት ተማሪ ይዘው ዐረብኛና ተፍሲር አስተማሩ። በ1989 ሲሞቱ ከተማሪዎቻቸው ብዙዎቹ የአገሪቱ ዑለማ ሆነው ነበር። ኡዝቤኪስታንም ነጻ ከወጣች በኋላ በታሽከንት፣ ሰዎች ይረሸኑበት በነበረው የቦዝሱ ቦይ ዳር፣ በ2000 መታሰቢያ አቆመች። ከ2001 ጀምሮም ነሐሴ 31 የተጨቆኑት ሰዎች መታሰቢያ ቀን ሆነ። በ2021 ደግሞ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በዚያ ዘመን የተፈረደባቸውን 115 ሰዎች ነጻ አላቸው። ሰማንያና ዘጠና ዓመት ዘግይቶ የመጣ ፍርድ ነው፤ ቢሆንም ለልጅ ልጆቻቸው ስማቸው ጸዳላቸው።

ለኛስ ምን ይላል?

ይህ ታሪክ ለኛ ለኢትዮጵያውያን ፍጹም ባዕድ አይደለም። ቦልሼቪኮች በመስከረም 1918 ያወጁት ሽብር ስሙ «ቀይ ሽብር» ነበር። ያ ስም በሀገራችን በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በአማርኛ ሲነገር የሰሙ አባቶችና እናቶች ዛሬም አሉ። የአብዮት ጥበቃውን፣ የቀበሌውን እስር ቤት፣ ጎረቤት ጎረቤቱን የፈራበትን ዘመን ከኛ በላይ እነርሱ ይናገሩታል። ልጆቻችሁን አስቀምጣችሁ ንገሯቸው፤ ያልተነገረ ታሪክ ይደገማል።

አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል ሑጁራት ከጥርጣሬ እንድንርቅ፣ የሰው ነውር እንዳንሰልል፣ እንዳንተማማ አዞናል። በዚያው ሱራ ዋልጌ ሰው ወሬ ይዞ ሲመጣ በማናውቀው ሕዝብ ላይ ጉዳት እንዳናደርስ አስቀድመን እንድናጣራ አስጠንቅቋል። አቡ ዳውድ በዘገቡት ሐዲስም ሙዓዊያ (ረ.ዐ.) የሰዎችን ነውር መከታተል ሰዎቹን እንደሚያበላሽ ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መስማታቸው ተላልፏል። ዑለማዎች ስለ ዑመር (ረ.ዐ.) የሚያወሱትንም ታሪክ ታውቁታላችሁ። ሌሊት መዲናን ሲጠብቁ ከአንድ ቤት ድምፅ ሰምተው አጥር ዘለው ገቡ። ሰውየው መጠጥ ይዞ ቢያገኙትም፣ «እኔ አላህን ያመፅኩት በአንድ ነገር ነው፤ እርስዎ ግን ሰልለዋል፣ በበሩ አልገቡም፣ ሳያስፈቅዱ ገብተዋል» ባላቸው ጊዜ ትተውት ወጡ። ያ ታላቅ ኸሊፋ ለቤት በር ወሰን እንዳለው አመነ።

ይህ ማለት ወንጀል አይነገር ማለት አይደለም። ሌባን፣ ገዳይን፣ ሕፃን የሚያጠቃን ሰው ለሕግ ማሳወቅ አማና ነው፤ ያየኸውን በፍርድ ፊት በስምህ ቆመህ ትመሰክራለህ። ጆሮ ጠቢነት ግን ሌላ ነው። ጆሮ ጠቢ ያላየውን ይጨምራል፣ ስሙን ይደብቃል፣ ቂሙን በመንግሥት እጅ ይወጣል። በመስጂድ ኮሚቴም፣ በዕድርም፣ በሥራ ቦታም ሰውን «እንዲህ አለ» ብሎ አሳልፎ የሚሰጥ ሰው የዚያ በሽታ ተሸካሚ ነው።

እናቶችና አባቶች፣ ከዛሬው ዝግጅታችን አንድ ነገር ወደ ቤታችሁ ይዛችሁ ግቡ። ልጆቻችሁ ወሬ ሲያመጡ «አይተሃል ወይስ ሰምተሃል?» ብላችሁ ጠይቁ። የጎረቤትን ምሥጢር ለማወቅ አትሽለሟቸው። የቱርኪስታን ሕዝብ የተሸነፈው መድፍ ሲተኮስበት አይደለም፤ በአንድ ማዕድ የሚበሉ ሰዎች እርስ በርስ መተማመን ሲያቆሙ ነው።

አላህ በዚያ ዘመን በግፍ የሞቱትን ይማርልን። ሀገራችንን ከፍርሃት፣ ቤታችንን ከወሬ አመላላሽ፣ ምላሳችንን ከሐሰት ይጠብቅልን። አሚን። ወላሁ አዕለም።